«የሦስቱ» ሲሸጥ

…እኔ መሰላሉ ላይ ቆሜ አንቺ ከታች ሆነሽ «አይሆንም፤ አውርደው» አልሽኝ። ሰሌዳውን በሁለት እጄ ይዣለሁ፣ ሚስማር በጥርሴ ነክሻለሁ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። «ብርቅነሽ ሱፐርማርኬት» ብዬ የጻፍኩት ራሴ ነበርኩ፤ ከቤተ መጻሕፍት ሥራዬ ስመለስ ጓሮ ተደብቄ፣ ላስደስትሽ ብዬ። መንገደኛው ቆሞ ያየናል። አንቺ በመዳፍሽ ፀሐዩን ከዓይንሽ ጋርደሽ፣ ሳትቆጪ፣ ድምፅሽን ከፍ ሳታደርጊ፣ ጨው አቀብለኝ እንደምትዪው ሁሉ «አይሆንም» አልሽ። ከዚያ እኔ ምን እንዳልኩ፣ እንዴት እንደወረድኩ…

ትዝታው እዚህ ላይ ይቆማል። ስንት ጊዜ ሞከርኩት መሰለሽ። ከመሰላሉ ወርጄ አላውቅም።

ብርቄ፣ እንደምን ከረምሽ ልልሽ አልኩና እጄ ተያዘ። እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ከተለየሽን ወዲህ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ የዘመን መለወጫው በዓል፣ ፍቼ፣ ሁለት ጊዜ ተከብሯል። በመጀመሪያው ከቤት አልወጣሁም። በሁለተኛው ልጃችን ሰላም ከጅማ መጥታ ነበርና እየጎተተች ወሰደችኝ። ዳር ቆመን ጭፈራውን አየን። ቁመቷ ካንቺ በልጧል። ስትስቅ ግን አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ማንም ሳያስተምራት።

የምጽፍልሽ ታቦር ሰፈር ካለው ሱቅሽ ነው፣ ሒሳብ የምትቀበይበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ። ሠራተኞቹን ምሳ ብሉ ብዬ አሰናብቻቸዋለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ በመኪና ሊወስዱኝ ይመጣሉ። ከዚያ እኔ፣ ታደለችና እትዬ ወርቅነሽ አንድ ላይ ወደ ውል ማዋዋያው ቢሮ እንሄድና ሦስቱንም ሱቆች ከአዲስ አበባ ለመጣ ድርጅት ሸጠን እንፈርማለን።

መሸጥ ግን ማንም አልፈለገም። ነገሩ ይኸው ነው። ከሦስታችን አንዳችንም አልፈለግንም።

ፍሪጁ ይጮኻል። ልየው።

አየሁት። ምንም አልሆነም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጮኸው ይላሉ ልጆቹ። እኔ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይሰማኛል።

የምታውቂውን ልነግርሽ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስጽፈው ቢገባኝ ብዬ ነው። ሦስታችሁም በአንድ መዘምራን ውስጥ ነበራችሁ። እትዬ ወርቅነሽ በዕድሜ ይበልጧችኋል፤ ታደለችና አንቺ እኩያ። እዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ደብተር ይዛችሁ ጀመራችሁ። ከሌላው ሱቅ የሚለያችሁ አንድ ነገር ነበር፤ ዕቃውን ከባንኮኒ ጀርባ አልደረደራችሁትም። መደርደሪያውን መሃል ላይ አቆማችሁና ገዢው ራሱ እየዞረ እንዲያነሳ አደረጋችሁ። በዚያን ጊዜ ታቦር ላይ እንዲህ ያለ ሱቅ አልነበረም። ሰው ደነገጠ። ይገባና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ታማሚ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

ጋሽ ሳሙኤልን አስታወስኩ፣ ጡረተኛውን መምህር። በር ላይ ቆመው «ስኳር አለ?» ይላሉ።

«አለ ጋሼ፣ ይግቡና ያንሱ» ትያቸዋለሽ።

«ባለቤቷ ቆማ እያየች በሰው ዕቃ ውስጥ እጄን ልክተት? ምነው፣ ምን በደልኩሽ?»

ለወራት በር ድረስ አቀበልሻቸው። በኋላ ገቡ፤ ግን በከዘራቸው ጫፍ «ያንን» እያሉ ያመለክቱ ነበር እንጂ አይነኩም። የኋላ ኋላ ቅርጫት ይዘው ሲዞሩ፣ በር ላይ የቆመ ጎረምሳ አይተው «ቅርጫት አንሳ እንጂ! ሱፐርማርኬት ገብተህ አታውቅም?» ብለው ተቆጡት። ያን ቀን ማታ እራት ላይ ስትነግሪኝ በሳቅ እንባሽ ወረደ። አፍሽን ሸፍነሽ።

ሁለተኛውን አቶቴ ከፈታችሁ፣ ሦስተኛውን ቱላ። ያን ጊዜ ነው ያቺን ሕግሽን ያወጣሽው። ማንም በራሷ ሰፈር ያለውን ሱቅ አትይዝም አልሽ። የእኛ ቤት አቶቴ ነው፤ አንቺ ታቦርን ያዝሽ። የእትዬ ወርቅነሽ ቤት ታቦር ነው፣ ከዚህ ሱቅ ጀርባ፣ ጣሪያው ይታየኛል፤ እሳቸው ቱላን ያዙ። ታደለች ቱላ ተወልዳ ያደገች፣ እስካሁንም እዚያው ያለች፤ አቶቴ ደረሳት። በየማለዳው ሦስታችሁም በባጃጅ ከተማውን አቋርጣችሁ ወደ ሌላዋ ሰፈር ትሄዳላችሁ። ባጃጆቻችሁ መንገድ ላይ ሲተላለፉ እጃችሁን ታወዛውዛላችሁ። ሰዉ ሳቀባችሁ። «ሱቁ ደጃፋቸው ላይ ሆኖ ቱላ ድረስ ይሄዳሉ፤ ጤና አይደሉም» አሏቸው እትዬ ወርቅነሽን።

አንቺ ግን ምክንያትሽን ታውቂ ነበር። ዘመድ ባለበት ሰፈር «አይሆንም» ማለት አይቻልም ነበር ያልሽኝ። አክስት ትመጣለች። በጀርባዋ ያዘለችሽ ጎረቤት ትመጣለች። ለአባትሽ ልቅሶ ድንኳን የተከለ ሰው ይመጣል። እነሱ አይለምኑም፣ ዝም ብለው ያዩሻል፣ አንቺም ታነሺና ትሰጫለሽ። ስንቱ ጥሩ ሱቅ እንዲህ ተዘጋ። ሌባ ሳይገባበት፣ ሳይቃጠል፣ በይሉኝታ ብቻ።

ቤቱን በሙሉ ይሉኝታ እንዳይገባበት አድርገሽ ሠራሽው። ይኼን ነው ዛሬ ተቀምጬ የማስበው። ሦስት ሱቅ፣ ሦስት ሰፈር፣ የባጃጁ ምልልስ፣ ሁሉም ለዚህ ነበር።

ሰሌዳውም ለዚህ ነበር። የአንድ ሰው ስም ከተጻፈበት ቤቱ የዚያ ሰው ይሆናል አልሽ። ስለዚህ ሦስቱም ላይ አረንጓዴ ቀለምና «ሱፐርማርኬት» የሚል ቃል ብቻ ተጻፈ። ስሙን ያወጣለት ሰዉ ነው። «የሦስቱ ጋ አውርደኝ» ይላሉ ባጃጅ ውስጥ። «ከየሦስቱ ነው የገዛሁት።» የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከየአገሩ መጥተው መጀመሪያ የሚማሩት የከተማው ስም ይኸው ነው። ከጎንደር የመጣች አንዲት ልጅ ምን ማለት ነው ብላ ስትጠይቅሽ «የሦስት ሰነፎች ሱቅ ማለት ነው፤ አንዷ ብቻዋን አልችል ብላ» አልሻት።

ሥራችሁም ተከፋፍሎ ነበር። ታደለች ሰው ትቀበላለች። እትዬ ወርቅነሽ አዲስ አበባ ሄደው ይገዛሉ፣ ነጋዴ ያውቃሉ፣ ይከራከራሉ። አንቺ እምቢ ትያለሽ። አከፋፋዩ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ ብስኩት ሲያመጣ፣ አከራዩ ሲመጣ፣ የአንዱ ሽማግሌ የወንድም ልጅ ሥራ ቅጠሩኝ ሲል፣ ታደለች «እስቲ ብርቄን ጠይቁ» ትላለች። እትዬ ወርቅነሽም «ብርቄ ናት የምታውቀው» ይላሉ። እነሱ ክፉ መሆን አይችሉም ነበርና ክፋቱን ላንቺ ተዉልሽ። አንቺም ፈገግ ብለሽ ተሸከምሽው። ይጠሉሻል ብዬ እፈራ ነበር። በቀብርሽ ዕለት ያ ባለ ብስኩት አከፋፋይ ከግቢው አጥር ተደግፎ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አየሁት።

ሰዓቴን አየሁ። ገና ነው።

አንቺ ስትሄጂ ታቦርን እኔ ያዝኩ። ከዩኒቨርሲቲው ጡረታ ጊዜዬ ሳይደርስ ወጣሁ። መጻሕፍት ሲያበድሩ መኖር ለሱቅ ያዘጋጃል ብዬ ይሆን? መጽሐፍ ይመለሳል። ታቦር ላይ ዘመድ የለኝም ነበር፣ ሕግሽም እንደተጠበቀ ነበር። ግን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ክረምቱ ሳይወጣ ከታቦር ሰው ሁሉ ጋር ተዛመድኩ። አንዷ ትመጣና «ማቲዬ፣ ብርቄ እኮ እህቴ ነበረች» ትላለች። አንቺ እህት የለሽም። እኔ ግን አንቺን የሚያነሳ ሰው ሲመጣ ባዶ እጁን አልሸኘውም። ስላንቺ ትንሽ እንዲያወሩልኝ ብዬ ነው ዘይቱን የምሰጣቸው። አንዳንዶቹ ይኼን ነቅተውበታል። አንዱ ባጃጅ ሹፌርማ አንቺን አይቶሽ ሳያውቅ የዘመርሽውን መዝሙር ሳይቀር ነገረኝ፤ ሰው ነግሮት መሆን አለበት። ሰማሁት። ሳሙናውን ሰጠሁት።

መደርደሪያው ሳሳ። አከፋፋዮች በጭነት መኪና ለሚገዛ ትልቅ ሱቅ ቅድሚያ መስጠት ጀመሩ። እትዬ ወርቅነሽ አዲስ አበባ ሄደው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ጊዜ ነበር። «ድሮ በስሜ ይጠሩኝ ነበር፤ አሁን ወረፋ ያዢ ይሉኛል» አሉ። ያን ዕለት ጉልበታቸውን በእጃቸው ሲያሹ አየሁ። ልብ ብዬ ያዝኩት። በኋላ ላይ ያቺ ጉልበት…

በቅደም ተከተል ልሂድ።

አቤኔዘር የሚባል ሰው መጣ። የገዢው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ወጣት፣ ትሑት። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። በየከተማው ሱቅ እየገዙ ነው፤ ጅማም፣ አዳማም አሉ። አቶቴ ባለው ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ በኦሞ ካርቶኖች መሃል ተሰበሰብን። እኔ ባንቺ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጀርባዋ የተሰነጠቀችው ፕላስቲክ ወንበር፣ ታስታውሻታለሽ። አቤኔዘር ካርቶን ላይ ልቀመጥ ቢል እሺ አላልነውም፤ ታደለች ሄዳ የራሷን ወንበር አመጣችለት፣ እሷ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች።

«እናቶቼ፣ አባቴ፣» አለ፣ «እኔ ላስገድዳችሁ አልመጣሁም። አንፈልግም ብትሉኝ ቅር አልሰኝም፤ ተመርቄ ነው የምሄደው። ሐዋሳ መግባታችን ግን አይቀርም። እናንተን ገፍተን ከምንገባ በናንተ ብንገባ ብለን ነው።»

«ይባርክህ» አለች ታደለች።

«ስሙንም እንፈልገዋለን። ‹የሦስቱ› የሚለውን።»

«እሱ እኮ የትም አልተጻፈም፣ ልጄ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ።

«እኛ እንጽፈዋለን።»

ብርቄ፣ እዚህ ላይ አንድ ሰው መናገር ነበረበት። ማንም አልተናገረም። ታደለች «እስቲ እንጸልይ» አለች። ዓይናችንን ጨፈንን። አሳብህ ይሁን፣ በር ክፈት፣ በር ዝጋ ብላ ረጅም ጸሎት ጸለየች። ከሁላችንም ጮክ ብሎ አሜን ያለው አቤኔዘር ነበር። ከልቡ ነው፤ ድምፁ ያስታውቃል።

ዓይናችንን ስንገልጥ ሁለቱም እኔን ያዩኛል።

ለምን እኔን እንዳዩኝ የገባኝ በኋላ ነው። ያቺ ወንበር ናት። ከዚያች ወንበር ላይ «አይሆንም» ሲወጣ ስንት ዘመን ሰምተዋል። ጆሯቸው ለምዶ ጠበቀ። እኔ ግን አስተያየታቸውን ሌላ አድርጌ ተረዳሁት። ፍታን የሚሉኝ መሰለኝ። እትዬ ወርቅነሽ እግራቸውን ዘርግተዋል፣ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ አየሁት። ታደለች ዓይኗ ጎድጉዷል፤ አየሁት። እነዚህ ሴቶች ደክሟቸዋል፣ እኔን ብለው ነው ዝም ያሉት፣ የሟች ባል ነኝና ቀድመው መናገር ከብዷቸው ነው አልኩ በልቤ። መሸጥ እንደ ስጦታ ታየኝ። ልሰጣቸው ፈለግኩ።

«እናንተ ካላችሁ» አልኩ።

«እናንተ ካላችሁማ እኔ ምን እላለሁ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ።

«እንግዲህ ጸልየናል» አለች ታደለች።

አለቀ። አቤኔዘር አንድ በአንድ አየን። ክርክር ተዘጋጅቶ መጥቶ ነበር መሰለኝ፤ ጉልበቱ ላይ ያለውን ፋይል አልከፈተውም። ትንሽ እንደመከፋት ያለ ነገር ፊቱ ላይ አለፈ። እኛን አመስግኖ ወጣ።

ሰላም ስልክ ደወለች። በስሟ እንድፈርም ውክልና ልካልኛለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የጠየቀችኝ። «አባዬ፣ አንተ ፈልገህ ነው?»

«እነ ታደለች ደክሟቸዋል።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ልክ አንቺን ሆነች። ኔትወርኩ ተቋረጠ አልኳት። አልተቋረጠም ነበር።

በሳምንቱ ወደ አቶቴው ሱቅ ሄድኩ። ታደለች ብቻዋን መደርደሪያ ትወለውላለች። አንዱን ጣሳ ታነሳለች፣ ሥሩን ትጠርጋለች፣ እዚያው ቦታ ትመልሳለች። ሊሸጥ ላለ ሱቅ እንዲህ አይደረግም። ምን ሆንሽ አልኳት። ጀርባዋን እንዳዞረች «አንተና ሰላም እንዳትቸገሩ ብዬ እኮ ነው፣ ማቴዎስ» አለች። «የብርቄ ቤት ችግር ላይ ሲሆን እኔ ሱቄን አልሰጥም ልበል? እንዴት አፌን ሞልቼ?»

«እኔ ደግሞ አንቺ ደክሞሽ ነው ብዬ።»

ዞረች። ጨርቁ እጇ ላይ አለ። «ማን ነው ደክሟታል ያለህ?»

«ዓይንሽ።»

«ዓይኔ የጎደጎደው ሱቁ እንዳይሸጥ ሳለቅስ ስላደርኩ ነው፣ አንተ ሰው! ሱቄን ሸጠህብኝ!»

በዚህ መሃል አንድ ተማሪ ገብቶ የጥርስ ሳሙና የት ነው አለ። ታደለች ፊቷን በጨርቁ ጠርጋ «ግራህን ይዘህ ዝለቅ፣ የኔ ጌታ» አለችው። ሂጂና ለእትዬ ወርቅነሽ ንገሪያቸው አልኳት። አንተ ንገራቸው አለችኝ።

ቱላ ሄድኩ። እትዬ ወርቅነሽ በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ገና አፌን ሳልከፍት «መሸጡስ መሸጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግን የት ነው የምሄደው?» አሉኝ።

«ጉልበትዎን ያሳርፋሉ ብዬ ነበር።»

«ጉልበቴን? አንተ ጉልበቴን አይተህ ነው ሱቅ የሸጥከው?» ሳቁ። ሳቃቸው አስፈራኝ። «ጉልበቴ ቤት ስቀመጥ ነው የሚያመኝ። እኔኮ ታደለች መገላገል የፈለገች መስሎኝ፣ አንተም ገንዘቡ የቸገረህ መስሎኝ፣ እኔ ሽማግሌዋ እንቅፋት አልሁን ብዬ…»

አልጨረሱትም። እኔም አልጨረስኩላቸውም።

ታዲያ ተነሱና አንሸጥም በሉ ትያለሽ። ላንቺ ቀላል ነው። እኔም ቀላል መስሎኝ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱንም ቤት ጠራኋቸው፣ ምሳ። ሦስታችንም ሦስታችን እንደማንፈልግ እናውቃለን። አንዱ ቢናገር ሌሎቹ እፎይ ይላሉ። ዓሣ አቀረብኩ። ስለ ዝናቡ አወራን። ሐይቁ ዘንድሮ ስለመሙላቱ አወራን። እትዬ ወርቅነሽ ዓሣው ሎሚ አነሰው አሉ፤ ታደለች በቂ ነው አለች። አሁን፣ አሁን እላለሁ። ጉሮሮዬን ስጠርግ ሁለቱም ማንኪያቸውን አስቀምጠው ያዩኛል። «ውሃ ልጨምር?» እላለሁ።

የያዘን ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ጸልየን ነው እሺ ያልነው። አሁን እምቢ ብንል፣ ያኔ ዓይናችንን ጨፍነን ስንዋሽ ነበር ማለት ነው። ታደለች የጸለየችው ከንቱ ሊሆን ነው። አቤኔዘር ያን የመሰለ አሜን ብሎ፣ ለአለቆቹ ነግሮ፣ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ… እሱን ማሳፈር ሊሆን ነው። ከሁሉ ደግሞ፣ ቀድሞ የሚናገረው ሰው ሌሎቹን በየዋህነታቸው ያጋልጣል። እኔን ብላችሁ አትዋሹልኝ ማለት ይሆናል። በእኛ መሃል እንዲህ ያለ ነገር ተብሎ አያውቅም። አንቺ ብቻ ነበርሽ የምትዪው። አንቺ ስትዪው ደግሞ ስድብ አይመስልም ነበር።

ስሸኛቸው በር ላይ እትዬ ወርቅነሽ እጄን ያዙ። ለረጅም ጊዜ ያዙት። ታደለች ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ታስተካክላለች። «እንግዲህ እሱ ያለው ይሆናል» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። አሜን አልን። ሁለቱን የጫነው ባጃጅ ታጠፈና ከዓይኔ ጠፋ። መጀመሪያ ታቦር አውርዶ ነው ቱላ የሚሄደው፤ ያን ሁሉ መንገድ አንድ ላይ ተቀምጠው ምን አወሩ ይሆን? ስለ ዝናቡ።

እንዲህ ነው የሆነው ብርቄ። ሌባ አልገባም፣ አልተቃጠለም።

ከምሳ በፊት ብቻዬን ስሆን ተለማመድኩት። እዚሁ፣ በመደርደሪያዎቹ መሃል ቆሜ። «አይሆንም።» ጥያቄ መሰለ። እንደገና አልኩት፤ ልመና መሰለ። በአንቺ ድምፅ ልለው ሞከርኩ፣ ፈገግ ብዬ፤ የታመምኩ መሰልኩ። የጥበቃው ሰው በመስታወት አይቶኝ «ጋሼ፣ ጠሩኝ?» አለ።

እንዴት ነበር የምትዪው? ከየት ነበር የሚነሳው፣ ከደረትሽ ነው፣ ከጉሮሮሽ ነው? በኖርንበት ዘመን ሁሉ ይኼን ጠይቄሽ አላውቅም። ከጀርባሽ ተጠልዬ ስለኖርኩ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አሁን ልጠይቅሽ ስነሳ…

ትናንት አንድ ሠራተኛ መሰላል አቁሞ የውጪውን ሰሌዳ ሲለካ አገኘሁት። አዲሱን ለማሠራት ነው አለ፤ ትልቅ ነው፣ መብራት አለው። አላስቆምኩትም። መሰላሉን ያዝኩለት። እንዳይወድቅ።

ልረሳሽ አልችልም ብዬ አልምልም፤ መርሳት እንዴት እንደሚመጣ አይቻለሁ፣ የእጅሽ ሽታ ከሄደ ቆይቷል። ቃል የምገባልሽ ይኼን ብቻ ነው። ይህ ቤት የማንም ይሁን የማን፣ ሰሌዳው ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ በጠዋት ተነስታችሁ ከራሳችሁ ሰፈር የሸሻችሁበትን ምክንያት እይዘዋለሁ። ለሰላም እነግራታለሁ። እሷ ትይዘዋለች፤ ድምፁ አላት። እኔም ቢያንስ ጠዋት በአቶቴ መንገድ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንቺ ውስጡ እንዳለሽ፣ እጅሽን ለታደለች እያወዛወዝሽ እንደሆነ አድርጌ ቀና እላለሁ። በዚህ እመኚኝ። ሌላ የምትተማመኚበት ነገር የለኝም።

መኪናው ቆመ።

በመስታወቱ ይታየኛል። አቤኔዘር ወርዶ የኋላውን በር ይከፍታል። ታደለች ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ታያለች፤ ወዲህ አትዞርም። እትዬ ወርቅነሽ እየወረዱ ነው። እጁን ዘረጋላቸው፣ አልያዙትም። ብቻቸውን ደረጃውን ይወጣሉ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ። አቤኔዘር ፈገግ እንዳለ ከኋላቸው ይከተላል።

ገቡ። ደህና ዋልክ አላሉኝም። ያለ ሰላምታ ገብተው አያውቁም።

አቤኔዘር ገና ደረጃው ላይ እንዳለ ጀርባቸውን ሰጡኝና በሩን ዘጉት።